አባይ በረሃን ስወጣ ሞተሩ ይፈላል፣ ሜዳ ላይ ግን ምንም የለውም፤ ምን ልፈትሽ?

የማርቆስ ልጅ፦

ጎበዝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ነገሩን ላሳጥረው ብዬ ነበር። ግን ሳሳጥረው ሁሉም ሰው «ራዲያተር ቀይር» ብሎኝ ስለሚሄድ ዛሬ እንደ ሐኪም ቤት ካርድ ዘርዝሬ ልጻፈው።

መኪናዋ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። ደብል ጋቢና፣ 5ኤል የናፍጣ ሞተር፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ግን አካሏ ደህና የሆነ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ እመላለስባታለሁ። ስሄድ ጤፍ፣ ስመለስ ያገኘሁትን። እስከ የካቲት ድረስ ሞቀች የሚባል ነገር አይቼባት አላውቅም። ከመጋቢት አጋማሽ ወዲህ ግን አባይ በረሃ ላይ መከራዬን እያሳየችኝ ነው።

እንዲህ ነው የምታደርገው። ከአዲስ አበባ ስመለስ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስወርድ ምንም የለም። ድልድዩ ጋ ስደርስ የሙቀት መርፌዋ ቦታዋ ላይ ናት። ወደ ደጀን መውጣት ጀምሬ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ መርፌዋ ትነሳለች፣ ቀስ እያለች ወደ ቀዩ ትጠጋለች፣ ከዚያ ዳር ይዞ መቆም ነው። ባለፈው ሳምንት ቶሎ ሳላያት ቀረሁና ውሃውን ፏ አድርጋ ተፋችው። ጤፍ ጭኜ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ከደጀን ማርቆስ በ80 ስነዳት ግን ልክ እንደ ድሮዋ ናት። ከተማ ውስጥ ሞተር ሳላጠፋ ግማሽ ሰዓት ብቆምም አትሞቅም።

እስካሁን የራዲያተሩን ክዳን ቀይሬያለሁ። አንዱ መካኒክ «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው» ብሎ ቴርሞስታቱን፣ ያችን በሙቀት የውሃውን መንገድ የምትከፍትና የምትዘጋ ዕቃ፣ አወጣው። ምንም አልተሻላትም፣ ጭራሽ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ለመሟሟቅ ሰዓት ይፈጅበታል። ሌላው ደግሞ ሁለት ደቂቃ አየት አድርጎ «ቴስታታው ይውረድ፣ ጋስኬቱ ተበልቷል» አለኝ፤ የሞተሩ ራስ ተፈቶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየር ማለቱ ነው። የጠየቀኝን ዋጋ ስሰማ እኔ ራሴ ፈላሁ። ዘይቱን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ጭሱም የወትሮው ነው። ሜዳ ላይ ውሃ አይጎድልባትም፣ የሚጎድለው በረሃው ላይ ስትተፋ ብቻ ነው። የምሞላው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ገዝቼላት አላውቅም፤ መስደብ የሚፈልግ እዚህ ላይ ይስደበኝ።

ሥራዋም አልተለወጠም። ጥር ላይ ብቻ ከአውድማ አውድማ እየዞርኩ የጤፍ ጭድ ሳመላልስባት ከረምኩ፣ ያም ከማርቆስ ብዙ አይርቅም።

ቴስታታውን ላስወርድ ወይስ ከዚያ በፊት የምፈትሸው ነገር አለ?

ፈጣኑ፦

ወንድም አትጨናነቅ። የአይሱዙ ራዲያተር ግጠምባትና ተገላገል። ቴርሞስታቱን ማስወጣትህም ልክ ነው። እኔ ከመኪናዬ ካወጣሁት ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን ሞቃብኝ አታውቅም።

ኮሶበር ባጃጅ፦

እኔ ያለኝ ባጃጅ ነው። ውሃ የለው፣ ራዲያተር የለው፣ ንፋስ ይበቃዋል። አባይ በረሃ ግን አልወርድም። ይቅርታ፣ ለሳቅ ነው፤ መልሱን እኔም እከታተላለሁ፣ ዘመዴ ሚኒባስ አለው።

የበረሃው ሹፌር፦

ልጄ፣ ዳር ይዘህ መቆምህ ጥሩ አደረግህ። ብዙ ሰው «ደጀን ደረስኩ እኮ፣ ትንሽ ናት» እያለ ነው ሞተር የሚያቃጥለው። እኔ ያንን በረሃ አዲሱ ድልድይ ሳይሠራ በፊት በኤንትሬ ፊያት ጀምሬ፣ በኋላም በተሳቢ ስመላለስበት ነው ያረጀሁት። የመፍቻውን ነገር መካኒኮቹ ይንገሩህ። እኔ የመንገዱን ልንገርህ።

አቀበቱ ቀልድ አይደለም። ድልድዩ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደጀን ወደ 2,400 ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወጣለህ ማለት ነው፣ ያውም ሚያዝያ ላይ፣ ያውም ታች እንደ ምጣድ በሚግለው ቆላ። ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ይሠራል፣ አንተ ግን የምትሄደው በ25 በ30 ነው፣ ስለዚህ ከፊት የሚመጣ ንፋስ የለህም። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ሲነፍስ ከኋላህ ይሆንና ያቺኑ ትንሽ ንፋስ ይነጥቅሃል። ሜዳ ላይ የማይታይ ድካም እዚያ የሚታየው ለዚህ ነው።

እስክታሠራት ድረስ ጎሃ ጽዮን እደርና ማለዳ ውረድ። ድልድዩን ስትሻገር ኤሲውን አጥፋ። ማርሹን ሞተሩ መጨነቅ ከመጀመሩ በፊት ቀንስ። በሦስተኛ እያቃሰተ ከሚወጣ በሁለተኛ ቀለል ብሎት ቢዞር ይሻላል፤ የውሃ ፓምፑም ፋኑም የሚዞሩት በሞተሩ ልክ ነውና። መርፌዋ ስትነሳ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈተውና መስኮቱን አውርድ። ላብ በላብ ትሆናለህ፣ ሞተሩ ግን ትንሽ ይተነፍሳል።

ከቆምክ በኋላ እንፋሎት ከሌለና ውሃ ካልፈሰሰ ሞተሩን ቶሎ አታጥፋው። ማርሹን ፎሌ (ነፃ) አድርገህ ነዳጅ ትንሽ ስጠው፣ ውሃው ይዙር፣ ፋኑ ይንፋ። እንፋሎት ካየህ ግን ወዲያው አጥፋ። ኮፈኑን ክፈትና ጥላ ፈልገህ ተቀመጥ። ክዳኑን እንዳትነካ። ረዳቴ የነበረ ልጅ አንድ ቀን «በጨርቅ ይዤዋለሁ ጋሼ» ብሎ እኔ ወርጄ ሳልደርስበት ከፈተው። ከአገጩ እስከ ደረቱ ተላጠ። ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ ምልክቱ ግን አንገቱ ላይ አለ። ቢያንስ 45 ደቂቃ፣ ብትችል አንድ ሰዓት ጠብቅ። ከዚያ የላይኛውን የጎማ ቱቦ በጨርቅ ይዘህ ጨመቅ አድርገው፤ ጠንካራ ከሆነ ገና ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መርፌዋ ቀዩን ነክታ ከነበረ በኋላ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ብትወርድ ደስ አይበልህ። ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ስለሚቀር ቀዝቃዛ ነው እያለ ይዋሽሃል። በዚህ ሞተር ያቃጠሉ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፣ አንዱ እኔ ነኝ።

የጣና ዳር መካኒክ፦

የማርቆስ ልጅ፣ ቴስታታውን አታስወርድ። ገና ነው።

ባህር ዳር ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመቴ ነው። (ሴት መሆኔን አይቶ «ባለቤቱን ጥሪልኝ» የሚለኝ ደንበኛ ዛሬም አለ፣ ልተወው።) ሰው «መኪናዬ ትሞቃለች» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ?» ብዬ ነው። የሙቀት ጥፋት ሰዓትና ቦታ አለው። ቆማ ወይም መንገድ ተዘጋግቶ ስትንፏቀቅ የምትሞቅ፣ ስትሮጥ ግን የምትቀዘቅዝ ከሆነች ፋኑን ነው የማየው። እንደ ቪትዝ ባሉት ላይ ፋኑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ሶኬት ይታያል፤ በአብዛኞቹ ኤሲ ሲከፈት ፋኑ መነሳት አለበት፣ ካልተነሳ እዚያው ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ተነስታ በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦው እንደ ድንጋይ የሚጠነክር፣ ፍሳሽ ሳይታይ ውሃ የሚጠፋባት፣ ነጭ ጭስ የምታወጣ ከሆነች ያኔ ስለ ጋስኬት እንነጋገራለን። ያንተ ግን ደህና ሆና ቆይታ ጭነትና አቀበት ሲገናኙ ብቻ ነው የምትሞቅ። ያ ማለት ሙቀቱን የሚያስወጣው ክፍል አቅሙ ቀንሷል፣ በቀላሉ ጊዜ ይበቃል፣ በከባዱ ጊዜ አይበቃም።

አቅሙን የቀነሰውን ደግሞ አንተው ራስህ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት ጽፈኸዋል። አውድማ!

በየዓመቱ ከጥር በኋላ እንዲህ ያለ መኪና ከአዴት መስመርም ከመራዊ በኩልም ይመጣልኛል። መኪናህ ኤሲ ካላት የኤሲው ኮንደንሰር (ራዲያተር የሚመስለው) ከፊት ነው፣ ራዲያተሩ ከኋላው። የጤፍ እብቅ ደቃቅ ስለሆነ በኮንደንሰሩ ሾልኮ ያልፍና በሁለቱ መሃል ይቀራል። ከፊት ስታየው ንጹሕ ነው፣ መኪና አጣቢውም ከፊት ብቻ ነው የሚያጥብልህ፣ ሲያጥብ ደግሞ ያንኑ እብቅ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በዚያ ላይ ትንሽ ዘይት ካገኘና አቧራ ከገባበት ቤት የሚመረግበት ጭቃ ነው የሚሆነው። ጭድ ያለበት ጭቃ ደግሞ እንዴት እንደሚይዝ ለጎጃም ሰው አልነግርም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን የላይኛውን ማሰሪያ ፍታና ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ መሃሉን በባትሪ እየው። ካለ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ነው የሚታጠበው፣ በገባበት እንዲወጣ። ኃይለኛ ማሽን አትጠጋበት፣ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል። በላስቲክ የውሃ ጎማ በቀስታ፣ ደጋግመህ።

ቀጥሎ የፋኑ ክላች። ያንተ ፋን በቺንጋ (በሞተሩ ቀበቶ) ይዞራል፣ መሃሉ ላይ ክብ ነገር አለ፣ ውስጡ ወፈር ያለ የሲሊኮን ዘይት አለው። ሙቀት ሲሰማው ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ከመንገድ መጥተህ ሞተሩ ግሎ ሳለ አጥፋው። ቁልፉን ንቀልና ፋኑን በእጅህ ገፋ አድርገው። ከበድ ብሎ ወዲያው መቆም አለበት። እንደ ልጆች መዘውር ሦስት አራት ጊዜ በራሱ ከዞረ ደክሟል። ዙሪያው በቅባትና በአቧራ ተለስኖ ካየኸውም ዘይቱ አልቋል። ከዚህ ጋር ቺንጋውንም እየው፣ ላላ ካለ ፋኑም ፓምፑም ይሰንፋሉ።

ጋስኬቱን ለማጣራት ቴስታታ አይወርድም። ቀዝቃዛ ሞተር፣ ክዳኑ ክፍት፣ ውሃው እስከ አፉ። አስነሳና ተመልከት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ግድ የለም፣ አየር ነው። ግን እንደ ጠላ ጋን ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ያ መካኒክ ልክ ነበረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

አቶ ፈጣኑ፣ የቴርሞስታቱን ነገር ግን እዚህ ላይ አልስማማም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ እዚያው ሞተር ውስጥ ይዞራል። ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ አቀበት ላይ ይሞቃል። የማርቆስ ልጅ የጻፈውም ይሄንኑ ነው። አዲሱን ስታስገባ ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ የምትንቀሳቀስ ፒን ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚወጣው በእሷ ነው።

ፈጣኑ፦

እሺ ታዲያ የኔ ለምን አልሞቀችም?

የጣና ዳር መካኒክ፦

የት የት ነው የምትነዳት?

ፈጣኑ፦

ባህር ዳር መራዊ። አልፎ አልፎ ዱርቤቴ።

የበረሃው ሹፌር፦

እሱማ ሜዳ ነው፣ በጋሪም ይደረሳል ልጄ።

መምህሩ (ፍኖተ ሰላም)፦

ሰላም ለሁላችሁ። መካኒክ አይደለሁም፣ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፣ ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳልናገር ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል።

አንደኛ፣ ክዳኑን «ቀየርኩ» ብለህ አለፍከው። ምን ዓይነት ገዛህ? ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የምንለው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ባህር ዳር ከተማ ላይ አላልኩም! ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አባይ ድልድይ ላይ 96 ገደማ፣ ባህር ዳር 94 ገደማ፣ ደጀንና ማርቆስ 92 ገደማ ነው። እናቶቻችን ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል ሲላቸው የሚያማርሩት ለዚህ ነው። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ምንም ያልታመመ ሞተር ደጀን አፋፍ ላይ ሊፈላ ይችላል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይጻፋል፣ የሚይዘው የግፊት ልክ ነው። 0.9 የሚለው በትክክል ከያዘ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል፣ ማርቆስ ላይም ቢሆን ከ110 በላይ ታደርሰዋለህ። ስለዚህ አዲስ ነው ብለህ አትመነው፣ የክዳኑ የውስጥ ጎማ ለስላሳ ይሁን፣ ስፕሪንጉ ጠንካራ ይሁን፣ ቁጥሩም ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። ይበልጣል ብለህ 1.3 ደግሞ አትግጠም፣ አሮጌ ራዲያተር ያፈነዳል።

ሁለተኛው ለመካኒኮች ነው። ቴርሞስታት በድስት ውስጥ አፍልቶ መፈተሽ የታወቀ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን የተጻፈው ለቆላ ሰው ነው። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት 82 ላይ መከፈት ይጀምራል እንጂ አፉን ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው 95 ገደማ ላይ ነው። ማርቆስ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብታነድበት ከ92 አያልፍም። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ግማሽ ብቻ ይከፈታል፣ መካኒኩም «በቃ ይሄ ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። 88 የሚል ከሆነማ ሰንጠቅ ማለቱም በጭንቅ ነው። ስንት ደህና ቴርሞስታት በዚህ እንደተጣለ እግዜር ይወቀው። ቴርሞሜትር አስገቡበት፣ በተጻፈበት ቁጥር አካባቢ መንቀሳቀስ ከጀመረ ደህና ነው።

ስለ ኩላንት እህታችን ትጨምርበት።

የጣና ዳር መካኒክ፦

መምህር፣ የድስቱን ነገር እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። ስንቱን ጥያለሁ ማለት ነው እኔም።

ኩላንት ግማሽ በግማሽ ነው። ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ፣ ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ዓይነት። ውሃ የተቀላቀለበት ሆኖ የተዘጋጀውን ከገዛህ ግን ደግመህ ውሃ አትጨምርበት፣ ጀሪካኑ ላይ አንብብ። «ብዙ ካደረግሁ ይበልጥ ይቀዘቅዛል» ብለህ ንጹሕ ኩላንት ብቻ አትሙላ፣ ሙቀት በመሸከም ውሃ ይበልጠዋል። የኩላንት ዋና ጥቅሙ እኛ አገር ብርድን ሳይሆን ዝገትን መከላከሉ ነው። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ እንደ ጀበና ቂጥ ነው የሚያደርገው፣ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያ ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ከውስጥ ይዘጋል፣ የፓምፑንም ቅጠል ይበላዋል። ስለዚህ እብቁን ካወጣህ በኋላ አንድ ነገር አድርግልኝ። ትንሽ ነድተህ ግላ ስትመለስ አጥፋትና የራዲያተሩን ፊት በእጅህ ዳብስ፣ ፋኑ በኩል አይደለም፣ ከፊት። ኮንደንሰሩ ካስቸገረህ በጎን። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እየቀነሰ መሄድ አለበት እንጂ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ማግኘት የለብህም። ቀዝቃዛ ካገኘህ እዚያ ጋ ውሃ አያልፍም።

የማርቆስ ልጅ፦

እጃችሁን ይባርክ። ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር አሁኑኑ ሥራ ላይ አውላለሁ፣ ማታ ለቀቅ አድርጌ ጎሃ ጽዮን አድራለሁ። እህቴ፣ ኤሲ አላት፣ አይሠራም ግን ኮንደንሰሩ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፈትቼ አያታለሁ። የአረፋውን ነገር ዛሬ ማታ ሞከርኩት፤ ትንሽ ቡልቅ አለና ዝም አለ። እንቁላል ሰብረህ ጨምርበት ያለኝ ጓደኛዬ አለ፣ ይሠራል እንዴ?

የጣና ዳር መካኒክ፦

ለቁርስ ይሠራል። ራዲያተር ውስጥ ግን አትጨምር፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ ብለህ ደህናውን ቱቦ ትደፍናለህ። ያንተ ደግሞ ቀዳዳም የለባት።

የማርቆስ ልጅ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣሁ፣ ይቅርታ ዘገየሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እሑድ ዕለት ራዲያተሩን ፈታሁ። እህቴ፣ በዓይንሽ ብታዪው። ከፊት ምንም አይታይም ነበር፣ መሃሉ ላይ ግን ከታች እስከ ግማሹ ድረስ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። በእንጨት ጫፍ ስነካው ተቀርፎ እየወጣ ወደቀ። ጎረቤቴ «ይሄ እኮ ለዶሮ ጎጆ ይበቃል» አለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በላስቲክ ጎማ ከኋላ ወደ ፊት አጠብኩት፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይወርድ ነበር። ከጥር ወዲህ ለመኪና አጣቢ እየከፈልኩ ያንን ተሸክሜ ነበር የምዞረው።

ከዚያ ምንም ሳልቀይር፣ ያው 10 ኩንታል ጭኜ፣ ወደ ጎሃ ጽዮን ወጣሁ። መርፌዋ ተነሳች ግን ቀዩ አጠገብ አልደረሰችም፣ ከመሃል ትንሽ አልፋ ቆመች። አንድም ጊዜ አልቆምኩም። ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም፣ ምክንያቱም ድሮ ከመሃል ንቅንቅ አትልም ነበር።

አዲስ አበባ ስደርስ ፋኑን እንዳልሽኝ በእጄ ገፋሁት። አራት ዙር! በዚህ ዕድሜው እንደዚያ ሲፈነድቅ አይቼ ሳቅሁ። ዙሪያው በቅባት ተለስኗል። ያገለገለ ግን ጠንካራ የሆነ ክላች ፈልጌ ገጠምኩ። ቴርሞስታትም ገዛሁ፣ 82፣ ፒኗ ወደ ላይ። ክዳኔን ሳየው ደግሞ መምህር ልክ ነበሩ፤ ገበያ ላይ የገዛሁት ምንም ቁጥር የለውም፣ በጣቴ ስጫነው እንደ ስፖንጅ ገባ። 0.9 የሚል ገዛሁ። ከውስጥም ራዲያተር ሠሪ ጋ ወስጄ አስከፈትኩት፣ ነሐስ ስለሆነ በዘንግ እየጠረጉ ያጸዱታል፣ ከታች በኩል ያሉት ሁለት ሦስት መስመሮች በነጭ ቅርፊት ተደፍነው ነበር። ሁሉም ተደምሮ ያ መካኒክ ለቴስታታ ከጠየቀኝ ግማሹን እንኳ አልሞላም።

ስመለስ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ ሆን ብዬ ነው ድልድዩን የተሻገርኩት። ደጀን እስክገባ መርፌዋ መሃል ላይ ናት። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ፋኑ እንደ አውሮፕላን መጮህ ጀመረ፣ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፣ ኋላ ገባኝ፣ ክላቹ ሲይዝ ነው። ለካ መኪናዬ ድምፅ አላት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኩላንቱን ስሞላ አየር እንዳይቀር ምን ላድርግ? ሁለት ጊዜ ሞልቼው ሲቀዘቅዝ ቀንሶ አገኘዋለሁ።

የጣና ዳር መካኒክ፦

አፍንጫዋን ወደ አቀበት አድርገህ አቁማት፣ የጋቢናውን ማሞቂያ ክፈት፣ ክዳኑን ሳትዘጋ ቀዝቃዛ አስነሳትና የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ቀስ እያልክ ጨምር። ቱቦዎቹን በእጅህ ጨመቅ ለቀቅ አድርጋቸው። ከዚያ ዝጋውና ተጠባባቂውን ጀሪካን መስመሩ ድረስ ሙላ። አንድ ሁለት ቀን ቢቀንስ ደንብ ነው፣ አየሩ እየወጣ ነው። ከሳምንት በኋላም ከቀነሰ ተመለስና እንነጋገር። ለመጪው ጥር ደግሞ ጭድ ጭነህ በጨረስክ ማግስት ፈትተህ እጠባት፣ ሚያዝያን አትጠብቅ።

ፈጣኑ፦

እኔም ዛሬ ቴርሞስታት ገዝቻለሁ። ማንም እንዳይስቅ።

የበረሃው ሹፌር፦

አልሳቅንም። የማርቆስ ልጅ፣ ያንን ጭድ ግን አልደፋኸውም አይደል? በሬዬ በዚህ ወር የሚበላው አጥሮታል።